ሰፈር ውስጥ ያለች የአንዲት እናት ቤት እንዴት ይታደሳል? ለጎንደር ልጆች

ክረምት ሊገባ ሲል ሚደርሰኝ ጥያቄ ሁሌም አንድ አይነት ነው፣ «ሰፈራችን አንዲት እናት አሉ፣ ቤታቸው ያፈሳል፣ ልጆች ተሰባስበናል ግን ከየት እንጀምር?» ለአንድ ለአንዱ በቮይስ ከማስረዳ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው። እዚህ ያለው ለተለመደው የጭቃ ቤት ነው፣ ባህር ዛፍ ቋሚ፣ ጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ ወይ ሁለት ክፍል። የድሮ የድንጋይ ቤት ወይም ፎቅ ያለው ከሆነ ይሄን ይዛችሁ እንዳትገቡ፣ እሱ የባለሙያ ስራ ነው።

መጀመሪያ ስለ ጊዜው። የበጎ ፈቃድ ዘመቻ ሚበዛው ክረምት ነው፣ ተማሪ እረፍት ላይ ስለሆነ። ችግሩ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የጎንደር ዝናብ ፋታ አይሰጥም፣ የመረጋችሁት ጭቃ ሳይደርቅ ይንጠባጠባል፣ ቢደርቅም ውስጡ ይሻግታል። ስለዚህ ስራውን ለሁለት ክፈሉት። ጣሪያና ቦይ ግንቦት ላይ ወይ ሰኔ ሳይገፋ፣ ካመለጣችሁ ክረምቱ መሀል ላይ ዝናብ ጋብ ያለበት ቀን ተጠብቆ። ጭቃው ግን ከመስቀል በኋላ ነው። «አሁን ጨርሰን ፎቶ እንነሳ» ምትሉ ካላችሁ ቀለም ቀቡና ሂዱ፣ በሚቀጥለው ሰኔ ውሃው መልሶ ያጥበዋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለጣሪያ፦ ቆርቆሮ (የጌጁ ቁጥር ባነሰ ቁጥር ቆርቆሮው ወፍራም ነው፣ 32 ከ35 ይሻላል፣ 30 ካገኛችሁ በጣም ጥሩ)፣ የቆርቆሮ ሚስማር ባለ ቆቡ፣ ኮልሞ (የጣሪያው አናት መክደኛ)፣ ለማገር (ቆርቆሮው ሚመታበት አግዳሚ እንጨት) ሚሆን ቀጥ ያለ ቀጭን ባህር ዛፍ፣ ተራ ሚስማር ትልቅና ትንሽ፣ የቆርቆሮ መቀስ፣ የድሮ ከመነዳሪ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ)፣ ትንሽ ሬንጅ።

ለግድግዳና ለጭቃ፦ ቀይ አፈር፣ የጤፍ ጭድ፣ እበት፣ አካፋ፣ ዶማ፣ ባሬላ፣ ጀሪካንና በርሜል፣ ወፍራም ባህር ዛፍ ለቋሚ፣ የተቃጠለ የመኪና ዘይት።

ለሰው፦ ጠንካራ መሰላል ሁለት፣ ጓንት፣ ሶሉ ወፍራም ጫማ (በሸበጥ ማንም አይገባም)፣ ለአቧራ ማስክ፣ ፋሻና አልኮል። ከእድር ደግሞ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ድስት ትዋሳላችሁ፣ እንዴት እንደሚጠቅም ታች እነግራችኋለሁ።

አሠራሩ

1. ቤቱ የማን እንደሆነ አጣሩ።

ማንም ሚዘለው ይሄን ነው፣ ትልቁ ጣጣ ሚመጣውም ከዚሁ ነው። ሶስት አይነት ነው። የራሳቸው ከሆነ ልጆች ወይም የእህት ወንድም ልጆች አሉ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ካሉ ሳይጀመር ይስሙ፤ የውርስ ክርክር ያለበት ቤት ላይ መዶሻ ካነሳችሁ አንዱ ወገን «ማን ፈቀደላችሁ» ብሎ ማስቆሙ አይቀርም። የቀበሌ ቤት ከሆነ የቤቱ ባለቤት መንግስት ነው፣ ያለ ፈቃድ አንድ ግድግዳ እንኳ አይነካም፣ ማመልከቻ ጽፋችሁ ደብዳቤ ተቀበሉ። ሶስተኛው ደግሞ ከግለሰብ የተከራዩት ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ፣ እናንተ አሳምራችሁ ስትወጡ አከራዩ ኪራይ ይጨምርና እናትየዋ በወሩ ይወጣሉ። አከራዩ ይሄን ያህል ጊዜ አላስወጣም፣ ኪራይም አልጨምርም ብሎ የእድር ሽማግሌዎች ባሉበት በጽሁፍ ካልፈረመ ቤቱን ተዉት፣ ብርድ ልብስና አስቤዛ ብትገዙላቸው ይሻላል።

የራሳቸውም ቢሆን ለቀበሌው አሳውቁ። አንደኛ በዚህ ጊዜ ሃያ ጎረምሳ ዶማና አካፋ ይዞ በጠዋት ሲንቀሳቀስ የጸጥታ ሰው መጠየቁ አይቀርም፣ ደብዳቤ ኪስ ውስጥ ይኑር። ሁለተኛ እድሳት ማለት በነበረበት ልክ መመለስ ነው፣ ግማሽ ሜትር ወደ ውጪ ከገፋችሁት ህገ ወጥ ግንባታ ተብሎ ይፈርሳል። ቤቱ ለፋሲል ግቢ፣ ለፋሲል መዋኛ፣ ለቁስቋም ወይም ለደብረ ብርሃን ሥላሴ ቅርብ ከሆነ ደግሞ ባህልና ቱሪዝምንም ጠይቁ፣ ቅርስ አካባቢ መሰረት መቆፈር እንደ ሌላው ሰፈር አይደለም።

2. እናትየዋን አናግሩ፣ ከዛ ስሟቸው።

አስር ሆናችሁ አትሂዱ፣ ሁለት ሰው ይበቃል፣ አንዷ ሴት ልጅ ብትሆን ጥሩ ነው። «እማማ ቤቱን ልናድስልዎ ነው» ሳይሆን «እማማ ቤቱ የት የት ነው ሚያስቸግርዎ?» በሉ። እናንተ ጣሪያ ስትሉ እሳቸው ሌሊት ሽንት ቤት ሲወጡ ሚያንሸራትታቸው ደጃፉ ሊሆን ይችላል ችግራቸው። አልጋቸው የት እንዲሆን እንደሚፈልጉ፣ በሩ ወዴት እንዲከፈት፣ ምን እንዳይነካ ጠይቁ። የፎቶውንም ነገር አሁኑኑ ተነጋገሩ፣ ፊታቸው ባይታይ ይመረጣል፣ እምቢ ካሉ ደግሞ በቃ እምቢ ነው።

3. ቤቱን መርምሩ።

ቀን ስድስት ሰዓት ገደማ ፀሀይ አናት ላይ ስትሆን ግቡና በርና መስኮት ዝጉ። በጣሪያው ብርሃን ሚገባበት ቦታ ሁሉ ዝናብ ሚገባበት ነው፣ ወለሉ ላይ ትክክል ከስሩ በከሰል ምልክት አርጉ። ከዛ ቢላ ወይም ጠፍጣፋ ካቻቪቴ ይዛችሁ እያንዳንዱን ቋሚ ከመሬት ጋር ሚገናኝበት ላይ ውጉት። ካልገባ ጤነኛ ነው። እንደ ዳቦ ከገባ በስብሷል ወይም ምስጥ በልቶታል፣ ላዩ ደህና ስለመሰለ አትሸወዱ። በመጨረሻ ውጪ ወጥታችሁ ከቤቱ በላይ በኩል ቁሙ፣ ጎንደር ዳገት ናት፣ ውሃው ከማን ግቢ ተነስቶ በየት እንደሚመጣ እዩ። ዝናብ በዘነበ በማግስቱ ብትሄዱ የጎርፉ መስመር ራሱ ይነግራችኋል።

4. እቃውን አስሉ፣ ከዛ ብር አሰባስቡ። ተገልብጦ አይሰራም።

ለምሳሌ ቤቱ 4 በ5 ሜትር ነው እንበል፣ ጣሪያው ሁለት ክንፍ። ርዝመቱ 5 ሜትር ሲሆን በሁለቱም ጫፍ 30 ሳንቲ ሲወጣ 5.60 ይሆናል። አንድ ቆርቆሮ ጎን ለጎን ሲደራረብ ወደ 75 ሳንቲ ነው ሚሸፍነው (እዛው ሱቅ ለኩት)፣ ስለዚህ በአንድ መስመር 8። ክንፉ ከላይ እስከ ታች 2.50 አካባቢ ስለሚሆን ባለ 2 ሜትሩ ቆርቆሮ ብቻውን አይደርስም፣ አንዱን ለሁለት ቆርጣችሁ ትቀጥሉበታላችሁ፣ እሱ 4 ነው። ለአንድ ክንፍ 12፣ ለሁለቱ 24። አንድ ሁለት መጠባበቂያ ጨምሩ፣ በቃ ይሄን ወረቀት ይዛችሁ ነው ምትለምኑት።

ብር ከምትጠይቁ እቃ ጠይቁ፣ «ሁለት ቆርቆሮ ይግዙልን» ሲባል ሰው ቶሎ እጁ ይፈታል፣ ሀሜትም የለውም። ብር መሰብሰብ ካለበት በአንድ ልጅ ቴሌብር አይሁን፣ በባንክ በሁለት ወይ በሶስት ሰው ፊርማ ሚንቀሳቀስ ሂሳብ ክፈቱ፣ ደረሰኙን በየቀኑ ግሩፑ ላይ ልቀቁ። ልጁ ታማኝ ቢሆን እንኳ ስልኩ ቢጠፋ ሰፈሩ ሚያወራውን ታውቁታላችሁ።

5. ቀን ምረጡ፣ ስራ አካፍሉ።

ካላንደር አይታችሁ ነው ቀን ሚቆረጠው። ብዙዎቹ እናቶች በ12፣ በ19፣ በ21፣ በ27 እና በእሁድ መዶሻ አያስመቱም፣ ሐምሌ 5 እና ሐምሌ 7ም እንደዛው፣ ጠዋት ተሰባስባችሁ ሄዳችሁ «ልጆቼ ዛሬ እኮ ስላሴ ነው» ስትባሉ ቀኑ ይቃጠላል። ቤቱ የሙስሊም እናት ከሆነ አርብ ከሰዓት ነጻ ይሁን። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ስለሆነ ምሳው ጾም ነው ሚሰራው፣ ምግብ ሚሰሩትን ቀድማችሁ ንገሩ።

ጣሪያ ላይ ከሶስት ሰው በላይ አይወጣም፣ ከ18 አመት በታች ደግሞ በጭራሽ። አንድ አናጺ በክፍያም ቢሆን ይኑር፣ የሰፈር አናጺ ለእንዲህ አይነት ስራ ቀንሶ ይመጣል። ሌላው እቃ ሚያቀብል፣ ሚስማር ሚነቅል፣ ቦይ ሚቆፍር፣ ውሃ ሚቀዳ፣ ምሳ ሚያመጣ። ስራ የሌለው ልጅ ካለ ወደ ቤቱ ይሂድ፣ ቆሞ ሚያይ ሰው ነው ሚጎዳው።

6. ቤቱን ባዶ አርጉ፣ መብራት አስቆርጡ።

የእድሩ ድንኳን እዚህ ነው ሚጠቅመው። ግቢው ውስጥ ተክላችሁ አልጋ፣ ሳጥን፣ ሞሰብ፣ ስዕለ አድህኖ ሁሉም እዛ ይገባል። ሳጥኑን እሳቸው ራሳቸው ይቆልፉ፣ ቁልፉን እሳቸው ይያዙ፣ እቃ ሲወጣም ቁጭ ብለው ይዩ። እንዲህ ሚደረገው ኋላ «ብሬ ጠፋ» ቢባል ማንም ልጅ ላይ ጣት እንዳይቀሰር ነው። ሌሊቱን የት እንደሚያድሩ ከጎረቤት ጋር ቀድማችሁ ጨርሱ።

ማስጠንቀቂያ፦ አሮጌ ቤት ላይ የመብራት ገመድ በቆርቆሮው ስር ተላጦ ይገኛል፣ ጣሪያው በሙሉ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል። ማንም ሰው መሰላል ከመውጣቱ በፊት ኤሌክትሪሺያን ያቋርጠው። «መብራት ስለሌለ ችግር የለም» አይባልም፣ ጎንደር ውስጥ መብራት መቼ እንደሚመጣ ማን ያውቃል።

7. የበሰበሰ ቋሚ ካለ ከጣሪያው በፊት ቀይሩ።

አዲስ ቆርቆሮ በበሰበሰ እንጨት ላይ መጫን ትርጉም የለውም። ከውስጥ ወራጁን በወፍራም ባህር ዛፍ ደግፉ፣ ድጋፉ ስር ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ጣውላ አስቀምጡ ወደ መሬት እንዳይሰምጥ። ከዛ አንድ ቋሚ ታወጣላችሁ፣ አዲሱን ታስገባላችሁ፣ ትመታላችሁ፣ ከዛ በኋላ ነው ወደ ሁለተኛው ምትሄዱት። ሁለት ጎን ለጎን በአንዴ ከተነቀለ ግድግዳው ከነጣሪያው ይመጣባችኋል። አዲሱ እንጨት ቅርፊቱ ተልጦ የደረቀ ይሁን፣ ቅርፊት ካለው ምስጥ ይወደዋል። መሬት ውስጥ ሚገባውን ክፍልና ከላዩ አንድ ስንዝር የተቃጠለ ዘይት ቀቡት፣ አድርቁት፣ ዙሪያውን አፈር ብቻ ሳይሆን ድንጋይ ጠቅጥቁበት።

8. ጣሪያ።

ዋናው ህግ፦ በእለቱ መዝጋት ማትችሉትን አትክፈቱ። አንድ ክንፍ ጨርሳችሁ ነው ወደ ሌላው ምትሄዱት፣ ሰማዩ ጠዋት ጥርት ብሎ ከሰዓት ዶፍ ሊያወርድ ይችላል።

አሮጌው ሲነሳ ሚስማሩን ጎትታችሁ አውጡና ቀጥታ ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ጣሉት፣ መሬት ላይ አይወርወር። የወረደውን ቆርቆሮ ለቆራሌው እንዳትሸጡት፣ የእሳቸው ንብረት ነው፣ ለማድቤት ወይ ለሽንት ቤት ይሆናቸዋል።

ማገሮቹን በስፓጎ (በተወጠረ ሲባጎ) አስተካክሉ፣ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ካለ ቆርቆሮው መሀል ላይ ውሃ ይይዛል። ማንጠፍ ሚጀመረው ከታች ነው፣ የላይኛው በታችኛው ላይ ቢያንስ 20 ሳንቲ ይደረባል። ከታች የተባለው ውሃው ከላይኛው ወርዶ ታችኛው ላይ እንዲያርፍ ነው፣ ከላይ ከጀመራችሁ ስሩ ይገባል። ጎን ለጎን ሲደረብ አንድ ተኩል ወይ ሁለት ሞገድ፣ የድርቡ አፍ ንፋስ ከሚመጣበት አቅጣጫ ተቃራኒ ይሁን፣ አለዚያ ንፋሱ ውሃውን እየገፋ ያስገባዋል፣ ቆርቆሮውንም ይገነጥለዋል።

ሚስማር ሁሌም ጉብታው ላይ ነው ሚመታው፣ ሰርጓዳው ላይ አይደለም፣ ሰርጓዳው የውሃ መንገድ ነዋ። ከመነዳሪውን የአምስት ሳንቲም ፍራንክ በሚያክል ክብ ክብ ቁረጡትና ከቆቡ ስር አስገቡ፣ ርካሽ ነው ግን ቀዳዳውን ጥርቅም አርጎ ይይዘዋል። ስትመቱ ጎማው እስኪጨበጥ ብቻ፣ ጉብታው እስኪሰረጉድ አትደብድቡ። ጫፍ ላይ ያሉትን ማገሮች በየሁለት ጉብታው ምቱ፣ ንፋስ ሚነሳው ከጫፍ ነው።

በጀት ከሌላችሁና ሚያፈሰው ትንሽ ቦታ ብቻ ከሆነ መቀየር ግዴታ አይደለም። የላላውን ሚስማር አውጥታችሁ ትንሽ ወፈር ያለ በከመነዳሪ ምቱበት፣ የሚስማር ቀዳዳን በሬንጅና በጨርቅ ድፈኑ። እጅ ሚያስገባ ዝገት ካለ ግን ያን ቆርቆሮ ቀይሩት።

ማስጠንቀቂያ፦ ጣሪያ ላይ ሚረገጠው ማገሩ ያለበት መስመር (ሚስማር ሚታይበት) ብቻ ነው። ንፋስ ካለ አንድ ቆርቆሮ ለሁለት ሰው ነው ሚያዘው። ነጎድጓድ ከተሰማ ሁሉም ይውረድ። የዛገ ሚስማር የወጋው ልጅ ቁስሉን በውሃና ሳሙና አጥቦ የዛኑ ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ፣ መንጋጋ ቆልፍ ቀልድ አይደለም።

9. ቦይ።

ከቤቱ በላይ በኩል ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ ስፋቱም ጥልቀቱም አንድ አካፋ ያህል፣ በሁለቱ ጎን ዞሮ ሚወርድ። ከጣሪያው ሚንጠባጠበው ሚያርፍበት ላይ ጠጠር አፍስሱ፣ አለዚያ የተፈናጠረው ጭቃ የግድግዳውን እግር በአንድ ክረምት ይበላዋል። መውጫው ወዴት እንደሆነ ግን ሳትነጋገሩ አትቆፍሩ፣ ከታች ያለው ጎረቤት ግቢ ውስጥ ከለቀቃችሁት አንድ ቤት አድናችሁ ሌላ ቤት አጠፋችሁ ማለት ነው፣ ጠቡ ደግሞ ሚተርፈው ለእናትየዋ ነው። እስከ መንገዱ ቱቦ ድረስ ውሰዱት።

10. ጭቃ (ከመስቀል በኋላ)።

ጥቁር አፈር አይሆንም፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ቀይ አፈር ከላይ ያለውን ሳር ያለበትን አንስታችሁ ከስር ያለውን ውሰዱ። ጭድ ሚረክሰው ከውቂያ በኋላ ታህሳስና ጥር ላይ ነው፣ በአዘዞ ወይ በጠዳ በኩል ገበሬ ዘመድ ያለው ልጅ ካላችሁ ያኔ አስመጥታችሁ አስቀምጡ። ውሃው በፈረቃ ስለሆነ በርሜሎቹ በፈረቃው ቀን ይሞሉ።

አፈሩን ክብ አርጋችሁ መሀሉን ጎድጉዱ፣ ውሃ፣ ጭድ፣ ከዛ በእግር መርገጥ፣ ግን አፈሩ ውስጥ ጠርሙስ ስባሪ አለመኖሩን አይታችሁ። ሸፍናችሁ አሳድሩት፣ በየቀኑ ውሃ እየጨመራችሁ እንደገና ርገጡት፣ ከአራት አምስት ቀን እስከ ሳምንት። ጭዱ ሲበሰብስ ነው ጭቃው ሚያጣብቀው፣ ሲደርስ በጠረኑ ታውቁታላችሁ፣ ሚሸተው ልክ ጉድጓድ ውስጥ እንዳደረ ሳር ነው፣ እጅ ላይም ሙልጭልጭ ይላል። የዛኑ ቀን አቡክቶ የዛኑ ቀን መምረግ ሚበዛው ጥድፊያ ነው፣ በሶስት ወሩ ይረግፋል።

ትንሽ ግድግዳ ላይ የሰሀን ያህል ለጥፋችሁ ሞክሩ። ሁለት ሶስት ቀን ቆይቶ ከሰነጠቀ ጭድ ጨምሩ፣ በጣት ሲነካ ከተፈረፈረ አፈሩ ደካማ ነው ቀይሩት።

የድሮውን ልቅ ጭቃ አራግፉ፣ ቀሪውን ግድግዳ ውሃ እርጩት፣ ደረቅ ላይ አዲስ ጭቃ አይዝም። ምርጊቱ በኃይል ወደ ግድግዳው ማገር መሀል ይወርወርና ይጠቅጠቅ፣ ላዩ ሸካራ ሆኖ ይቅር። ሙሉ በሙሉ ደርቆ ስንጥቁን እስኪያሳይ ጠብቁ፣ እንደ አየሩ ሁለት ሶስት ሳምንት ሊሆን ይችላል። ከዛ በኋላ ነው በተነፋ አፈር፣ በደቀቀ ጭድና በእበት ልስኑ ሚመጣው። ቀለም ከፈለጋችሁ ልስኑም ከደረቀ በኋላ፣ እርጥብ ላይ የተቀባ ቀለም ይላጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከግድግዳውና ከጣሪያው መሀል ያለውን ክፍተት ጥርቅም አርጋችሁ አትድፈኑት። እማማ እዛው ክፍል ውስጥ ከሰል ያቀጣጥላሉ፣ ጭሱ ሲወጣ የኖረው በዛች ቀዳዳ ነው። ቤቱን «ብርድ እንዳይገባ» ብላችሁ ዘግታችሁት ከሄዳችሁ የከሰል ጭስ በአንድ ሌሊት ይገድላል። በሁለቱም በኩል ክፍተት ተዉ፣ አይጥ እንዳይገባ ወንፊት ሽቦ ምቱበት። እርጥቡን ግድግዳ ለማድረቅ ከሰል አጥዶ በር መዝጋትም እንደዛው፣ በግልጽ ንገሯቸው።

11. ማስረከብ።

ግቢውን በእጅ ልቀሙት፣ ከስፒከር የወጣ ማግኔት ካላችሁ በገመድ አስራችሁ ጎትቱት፣ የቀረች አንዲት ሚስማር የእሳቸው እግር ላይ ነው ምትገባው። እቃቸውን በነበረበት መልሱ። የእድሩ ድስት ታጥቦ በቁጥር ይመለስ፣ ካልሆነ ቀጥሎ ለሚመጣው ግሩፕ አይሰጡም።

ብዙ ጊዜ ሚበላሹ ነገሮች

ሶስት ቤት በአንድ ሳምንት ብሎ መጀመር። አንዱን ጨርሱ፣ ጣሪያው ተነስቶ ብር ያለቀበት ቤት ከበፊቱ የባሰ ነው።

ከቆርቆሮ ላይ ቆጥቦ ለቲሸርትና ለባነር ማውጣት። ይሄ እኔን በጣም ነው ሚያናድደኝ፣ የባነሩ ብር ሁለት ሶስት ቆርቆሮ ይገዛል።

ወለሉን መርሳት። ውስጡ ከደጁ ዝቅ ካለ ጣሪያውም ቦይውም ተሰርቶ ውሃ በበሩ ይገባል። ጠጠርና ቀይ አፈር እየጠቀጠቃችሁ አንድ ስንዝር ከፍ አርጉት፣ ደጃፉ ላይ ድንጋይ ደረጃ አስቀምጡ፣ ግን ለአሮጊት እግር ዝቅ ያለ ይሁን።

ጨርሶ መጥፋት። ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ ሁለት ልጅ ይሂድና ያን የከሰል ምልክት ያረጋችሁበትን ቦታ ይይ፣ ሚያፈስ ካለ ብዙ ጊዜ አንድ ሚስማር ነው፣ በግማሽ ሰዓት ያልቃል። ቦዩም በየክረምቱ መግቢያ በደለል ስለሚሞላ ግንቦት መጨረሻ ላይ ሚጠርገው ልጅ ስሙ ከአሁኑ ይጻፍ፣ ቅርብ ጎረቤት የሆነው ቢሆን ይመረጣል።